ፋርማሲ ደረጃ 4 ድሬዳዋ ላይ ተማርኩ፤ ለምታስቡ ልጆች ያየሁትን ልንገራችሁ

ክረምት በመጣ ቁጥር የአክስቴ ልጆችም የሰፈር ልጆችም ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ፋርማሲ ይሻላል ነርሲንግ? የግል ኮሌጅ ልግባ ወይስ 12ኛን ደግሜ ልፈተን? ለአንድ ለአንዱ ከማወራ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ደረጃ 4 (ከዲግሪ በታች ያለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና) የጨረስኩት ድሬ ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አሁንም እዛው የሚማሩ የማውቃቸው ልጆች አሉ። ያኔ ቀን ከዚራ አንድ ሱቅ እየሠራሁ፣ ማታ እማር ነበር። አሁን ሳቢያን አካባቢ መድኃኒት መደብር ውስጥ ነኝ፣ ሥራዬንም ከልቤ እወደዋለሁ። ኮሌጁን ግን ነጥብ ስጪ ብባል ከ5 ሁለት ተኩል ነው፤ ሁለቱ የአስተማሪዎቹ ነው።

ፋርማኮሎጂ ያስተማረችን ልጅ ቀን ሆስፒታል ውላ ማታ ነበር የምትመጣው። ደክሟት እንደሆነ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ግን አንድም ቀን ከሞጁል ላይ አንብባልን አልወጣችም። ባዶ የመድኃኒት ፓኬት በፌስታል ይዛ ትመጣና ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፈዋለች። ከዛ አንድ አንድ እያነሳች "ይሄ ለምንድነው? በቀን ስንቴ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? እርጉዝ ብትመጣስ ትሰጣታለህ?" እያለች ታስጨንቀናለች። የፋብሪካውን ስም ብቻ ብትነግራት አታልፍህም፣ የመድኃኒቱን ዋና ስም ትፈልጋለች። ዛሬም መደርደሪያ ላይ እጄን ስሰድ የሷ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ላብራቶሪው ላይ ግን አሁንም ድረስ እናደዳለሁ። ልንመዘገብ ስንሄድ አዙረው አሳይተውናል፤ ሚዛኑ፣ ሙቀጫው፣ መለኪያ ሲሊንደሩ፣ ሁሉ ነገር ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ያበራል። ቅባትና ሽሮፕ መቀመም የምንማርበት ጊዜ ሲደርስ ክፍሉ ተቆለፈ። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ማታ አይገባም አሉን። ቅዳሜ ኑ አሉን፣ ቅዳሜ ሄድን፣ እሱም የለም። በጠቅላላው ሁለት ጊዜ ነው የገባነው። ለሲኦሲ (ስንጨርስ ለምንወስደው የሙያ ብቃት ምዘና) የተግባር ክፍል የተዘጋጀሁት ዩቲዩብ እያየሁ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለከፈለ ተማሪ አይገባም። ክፍያውም ሲመዘግቡን ወርሃዊውን ብቻ ነገሩን። የጋውን፣ የሞጁል ኮፒ፣ የምዘና የሚባሉት ኋላ አንድ በአንድ መጡ። እናቴ እንጀራ ሸጣ ነበር የምትረዳኝ፣ እና ለእኛ ቤት ያ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሙያ የያዝኩት አፓረንት፣ ማለትም ሥራ ቦታ ላይ የሚሰጠው የተግባር ልምምድ ላይ ነው። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የተመላላሽ ፋርማሲ መስኮት ላይ ተመደብኩ። ድሬ በ2014 የወባ ወረርሽኝ እንደነበረባት ታስታውሳላችሁ፤ ያቺ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እንደ ድሮዋ ረግረግ አትፈልግም፣ ከተማ ውስጥ ሮቶና በርሜል ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች። እኔ አፓረንት በወጣሁበት ጊዜም የወባ በሽተኛ ከመስኮቱ አይጠፋም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከገጠር መጡ። ወረቀታቸው ላይ ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ተጽፏል። ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራት እየተዋጠ ለሦስት ቀን፣ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዛ በኋላ ጠዋትና ማታ። እኔ ይሄን ሁሉ በአማርኛ አንበለበልኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፓኬቱን ሰጠኋቸው፣ ቀጣዩን ጠራሁ። እኔን የሚያሠራኝ ባለሙያ ከውስጥ ሰምቶኝ ኖሮ ሮጦ ወጥቶ በር ላይ ደረሰባቸው። መልሶ አስቀመጣቸውና በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ "ገነማ፣ ገልገላ፣ ጉያ ሰዲ" (ጠዋት፣ ማታ፣ ሦስት ቀን) እያለ በጣቱ እየቆጠረ ነገራቸው። ፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይና ጨረቃ ሣለበት። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢወስዱት ሰውነት የበለጠ እንደሚቀበለው አስረዳቸው። መጨረሻ ላይ "አሁን እርስዎ ይንገሩኝ" አላቸው። ሽማግሌው ሲናገሩ ነው ነገሩ የወጣው፤ ለካ ግማሹን ቤት ለታመመች ልጃቸው ሊያካፍሉ ነበር። ልጅቷን አምጥተው እንድትመረመር ተነጋገሩ። በእኔ ቢሆን መድኃኒቱን ለሁለት ተካፍለው፣ እሳቸውም እሷም ላይድኑ ይችሉ ነበር።

ከዛ ቀን ጀምሮ በሽተኛ ያልኩትን መልሶ ሳይነግረኝ አይሄድም። ኦሮምኛዬንም አሻሻልኩ፣ ሶማሊኛም ለመስኮት የሚሆን ያህል ይዣለሁ። አቦ፣ ድሬ ላይ መድኃኒት ልትሰጥ በአማርኛ ብቻ አትችልም! ይሄን ኮሌጅ ውስጥ ማንም አልነገረኝም።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ብዙው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፤ የድሬን ከሰዓት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ መብራት ሲጠፋ ጭንቅ ነው። ቤታቸው ፍሪጅ ለሌላቸው ሰዎች በላስቲክ ጠቅልለው፣ ዙሪያው በውሃ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖሩት እናስተምራለን። አንዲት ሴትዮ ኢንሱሊኗን መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው እንደምታስቀምጥ የነገረችኝ ቀን ሰውነቴ ነው የደነገጠው።

ውጤታችሁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ከሆነ ምክሬ አንድ ነው፤ ዲግሪውን ያዙ። ቅርባችን ሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ አለ፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም እዛው ነው። ፋርማሲ በዲግሪ አምስት ዓመት ነው፣ መጨረሻ ላይ ዋርድ ለዋርድ ከሐኪሞች ጋር እየዞራችሁ ትማራላችሁ። ጓደኛዬ እዛ ነው የተማረችው፤ የበሽተኛ ካርድ ገልጣ "ይሄ መድኃኒት ከዚያኛው ጋር አይሄድም" ብላ ከሐኪም ጋር ስትነጋገር ሳይ በጣም ነው የምኮራባት። ግን የመውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ፣ ከአሁኑ እወቁት።

ልዩነቱ ሥራ ላይ ይታያል። እኔ ድራጊስት (ዲግሪ የሌለው የመድኃኒት ባለሙያ) ነኝ፣ መድኃኒት መደብር ውስጥ በሙያዬ እሠራለሁ፤ ከመደብር ከፍ የሚለውን ፋርማሲ ለመምራት ግን ዲግሪ ያለው ፋርማሲስት ይፈለጋል። ዲግሪ ያለው ሰው በሩ ብዙ ነው፤ ሆስፒታል፣ የመድኃኒት ቁጥጥር፣ አስመጪዎች ጋ መድኃኒት ማስተዋወቅ፣ ፋብሪካ (እነሱ በብዛት ወደ አዲስ አበባ ናቸው)። የመንግሥቱ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ድሬ ቅርንጫፍ አለው። እኛም ስቶር ላይ፣ ጤና ጣቢያ ላይ፣ የግል መደብር ላይ እንሠራለን። ደሞዙ መነሻው ላይ ትንሽ ነው፣ አልዋሽም፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የክፍሌ ልጅ ግን ብዙ አላውቅም፣ በተለይ ቋንቋ የሚችል።

ደረጃ 4 የምትገቡ ካላችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የጨረሱ ልጆችን ፈልጋችሁ አፓረንት የት እንደወጡ፣ ስንት ሳምንት እንደቆዩ፣ ሲኦሲ ስንቶቹ እንዳለፉ ጠይቁ። የክፍያውን ዝርዝር ሁሉንም በወረቀት አስጽፉ። የማታ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ማታ ሂዱና ላብራቶሪውን አስከፍታችሁ እዩ። ቁልፍ የያዘው የለም ካሏችሁ ሌላ ኮሌጅ ሂዱ።