የትኛው ስህተት ይታረማል? የአንጋፋ ዓይን እና ስሌት

ሐዋሳ ባለችው ትንሽ ቢሯችን የተመዘገበ የሶፍትዌር ስህተት መታረም አለመታረሙን የሚተነብየው አንጋፋው ባልደረባችን ነው። «ደረሰኙ ላይ ሳንቲሙ ይጠፋል» የሚል ሲያነብ «ማታ ያልቃል» ይላል፤ «የአዝራሩ ቀለም ደብዝዟል» የሚል ሲያነብ ደግሞ ዝም ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ፈቃድ ሲወጣ ግን ትንቢቱም አብሮት ይወጣል።

ስሌት ፈቃድ አይወጣም። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በዊንዶውስ ቪስታ የስህተት መዝገብ የሠለጠነ ሞዴል (ካለፈው መዝገብ ተምሮ የሚተነብይ ስሌት) በዊንዶውስ 7 ስህተቶች ተፈትኖ፣ ይታረማሉ ካላቸው 68 በመቶው ታርመዋል፤ ከታረሙትም 64 በመቶውን ለይቷል። ቀድሞ የጠቆማቸው ስህተቶች የታረሙለት ሰው አዲሱም የመታረም ዕድሉ ከፍ ይላል። (ታዲያ ጀማሪው ጠቋሚ ምን ይሁን?)

ስሌቱ ብዙ መዝገብ ይፈልጋል፤ የእኛ አንድ ደብተር አይሞላም። ለጊዜው ባለ ቡናውን እመርጣለሁ።