የበረራው ወቅት ሳይዘጋ ጋሼን ላመስግን

ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ይቺን ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል። ብርዱ መጣ፤ ግላይደሮቹም ወደ መጋዘናቸው ሊገቡ ነው።

ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው፤ ጋሼ ማብረሩን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እናቴ በስልክ ስነግራት «ሞተሩ የት ሄዶ ነው?» አለችኝ።

የጀመርኩት ሌላ ቦታ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ለሙከራ በረራ ከፍዬ ከጠዋት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሜዳ ላይ ተገተርኩ። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ እስክንወርድ ጮኸብኝ። ወርደን ጥያቄ ብጠይቅ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቁብኝ። ባቡር ውስጥ አለቀስኩ። ያንገበገበኝ ገንዘቡ አይደለም፣ ሳቁ ነው።

በዓመቱ የሥራ ባልደረባዬ እየጎተተች ሌላ ክለብ ወሰደችኝ። ጋሼን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ጀርመናዊ ናቸው፤ ጋሼ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ዊንች የሚሉት ሜዳው ላይ የቆመ መጎተቻ ማሽን በገመድ ስቦ ወደ ላይ ሲያስፈነጥረን ዓይኔን ጨፈንኩ። ገመዱ ሲለቀን ጸጥ አለ። መሪውን ዘንግ አንቄ ይዤዋለሁ። ጋሼ ከኋላ ቀስ ብለው «ልቀቂው» አሉኝ። «ሁለቱንም እጅሽን። እሱ መብረር ያውቃል፣ አትጨነቂለት።» ለቀቅኩት። እውነትም በረረ! ወዲያው ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለ አሞራ ክንፏን ሳታርገበግብ ስትዞር አዩ። «ከሷ ጋር እንዙር፤ ሞቃቱ አየር የት እንደሚነሳ ከኛ በላይ ታውቃለች» አሉ። ዞርን። ከስር አንድ ሰው እንደገፋን ብድግ አልን። አንዲት መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች። አሠራሯን ሦስት ጊዜ አስረድተውኛል፣ ዛሬም አልገባኝም። ጢጥታው ሲፈጥን ወደ ላይ እየወጣን ነው፣ በቃ።

እኔ ያደግኩት ደብረ ታቦር ነው። ስጥ ጠብቂ ስባል አሞራ አንጋጥጬ ሳይ ወፎቹ እህሉን ይጨርሱታል። ከዚያ ቁንጥጫ ነው። ይህን ነገርኳቸው። አልሳቁም። «በቋንቋሽ ምን ትባላለች?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላዬ ሆነው «ራ»ዋን ከጉሮሯቸው እያወጡ «አሞራ!» ይላሉ።

አንድ እሁድ ዋሰርኩፐ ተራራ ይዘውኝ ወጡ። 950 ሜትር ነው፤ ለጉና ልጅ ኮረብታ ነው እንግዲህ። ግን የዳርምሽታት ተማሪዎች በ1911 (በፈረንጆቹ) ያለ ሞተር የበረሩት እዚያ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመንን ሞተር ካለው አውሮፕላን ሲከለክላት ወጣቶቹ እዚያው ተራራ ላይ ተሰባሰቡ። በ1920 ውድድር ጀመሩ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ አብረው የነበሩ ነው የሚመስሉት።

በክለቡ አስተማሪዎቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ቅዳሜና እሁዳቸውን ሰጥተው ነው። እናንተም ግላይደር ትገፋላችሁ፣ ሜዳው ላይ ትውላላችሁ። እዚህ አገር 14 ዓመት የሞላው ልጅ ሠልጥኖ ብቻውን መብረር ይችላል። ከስልክ አልላቀቅ ያሉ ልጆች ያሏችሁ፣ ውሰዷቸው! ጀርመንኛዬ አይበቃም ብላችሁም አትፍሩ፤ የኔም አይበቃም ነበር። እንደ ጋሼ ያለ ታጋሽ ሰው አላየሁም፣ ደግሜ እላለሁ አላየሁም።

ስማቸውን እዚህ ብለጥፍ ደስ አይላቸውም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ።