ሸሞንሟናዬ፦ አኮርዲዮኑን የወደዱ፣ ከድራም ማሽኑ ጋር ያልተስማሙ

የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» አድማጭን ለሁለት የሚከፍል አልበም ነው። አንዱ ወገን አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ የሚፈጥር ኪቦርድ) እንዲህ የተዋደዱበት ሥራ አላየሁም ይላል። ሌላው ድራም ማሽኑ (በከበሮ መቺ ፋንታ ምቱን የሚሰጠው መሣሪያ) ደረቅ ነው፣ ዜማዎቹ ይመሳሰላሉ፣ የቀድሞ ባንዳቸው የዋልያስ ሙቀት የለውም ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ግን ክርክሩ ግማሹ የጣዕም ሲሆን ግማሹ የሚሰሙበት ቅጂና ስፒከር ያመጣው ነው። ሁለቱን ሳይለዩ አልበሙ ላይ መፍረድ አይቻልም።

አልበሙ የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። ጋሽ ኃይሉ በ1981 ከዋልያስ ጋር ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደው እዚያው ከቀሩት አባላት አንዱ ናቸው። ባንድ አጠገባቸው ስላልነበረ መሣሪያዎቹን ራሳቸው እየተጫወቱ አንዱን በአንዱ ላይ ደረቡ፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባሉ ሲንተሳይዘሮች፣ ከሥር ደግሞ ድራም ማሽን። ካሴቱ ያኔ አገር ቤት ተደመጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ አንድ ቅጂ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና አወጣው።

በብዛት የሚሰማው ወቀሳ የድራም ማሽኑ ነው። ቺክቺካ በስድስት ስምንተኛ ሲመታ ሕይወት የሚሰጡት የከበሮ መቺው ትንንሽ መዛነፎች ናቸው፤ አንዷን ምት ጎተት ያደርጋል፣ ሌላዋን ቸኮል፣ ዘፈኑ ሲሞቅ ደግሞ ሳያስበው ፍጥነት ይጨምራል። ማሽን ይህን አያውቅም። ምቶቹን እኩል ርቀት ላይ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። የዋልያስን ቅጂዎች የለመደ ጆሮ ይህን እንደ ጉድለት ቢሰማው አይፈረድበትም።

እኔ ግን እዚህ ላይ ከወቃሾቹ ጋር አልስማማም። የማሽኑ አለመነቃነቅ አኮርዲዮኑን ነፃ አድርጎታል። በአኮርዲዮን ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ወናፉ ነው፤ ተጫዋቹ ወናፉን ቀስ ብሎ ሲስብ ድምፁ ከትንሽ ተነሥቶ ያብጣል፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰውም ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ ነው። ከሥሩ ያለው ምት ራሱ የሚዋዥቅ ቢሆን ይህ መዘግየት ተውጦ ይቀር ነበር። የርዕሱን ዜማ ስትሰሙ የማሽኑን ምት በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ የአኮርዲዮኑ ሐረግ የት ላይ እንደሚነሣ ተከታተሉ። አንዳንዴ ቀድሞ፣ አንዳንዴ ቆይቶ ሲገባ ትሰሙታላችሁ። የአልበሙ ውበት ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ወቀሳ ዲኤክስ 7ን ይመለከታል፤ «የፕላስቲክ ድምፅ» ይሉታል። መሣሪያው በ1983 ገበያ ላይ ሲወጣ አዲስ ነገር ይዞ ነው የመጣው። እያንዳንዱ ድምፅ የሚሠራው አንዱ የሌላውን ሞገድ እያናወጠ በሚገናኙ፣ ኦፕሬተር በተባሉ ስድስት ሞገድ አመንጪዎች ሲሆን በአንድ ጊዜ 16 ድምፆች ማሰማት ይችላል። በሙግ ላይ ድምፅን የሚያለዝበው ፊልተር በዚህኛው የለም። በዚህ የተነሣ የደወልና የብርጭቆ ጥራት ያለው፣ ጠርዙ ስለታም ድምፅ ይወጣዋል። ቁልፉ በኃይል ሲመታ መጮህ ብቻ ሳይሆን ስለቱም ይጨምራል። ሮድስ በተቃራኒው መዶሻ የብረት ዘንግ መትቶ ማግኔት የሚቀበለው ስለሆነ ሙቀት አለው፣ አወራረዱም ለስላሳ ነው። ሁለቱ በአንድ አልበም መገናኘታቸው ለእኔ ትርፍ ነው። ስለታሙ የዜማውን ጠርዝ ያሳያል፣ ለስላሳው መሬቱን ይይዛል።

ቅኝትን በተመለከተ የሚነሣው ቅሬታ ግን ክብደት አለው። አምባሰል የተባለውን ቅኝት ከ«ሲ» ብንጀምረው «ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት» ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ሁለተኛዋን ድምፅ በጣቱ ሸርተት እያደረገ እንደ ስሜቱ ያወርዳታል። ኪቦርድና አኮርዲዮን የተቆረጠ ድምፅ ነው ያላቸው፤ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚገባበት ቦታ የለም። ሙግና ዲኤክስ 7 በፒች ዊል (ድምፅን በሚያንሸራትት ጎማ) መንሸራተት ይችላሉ፤ የዚያ ዘመን ታዋቂ የሙግ ሞዴሎች ግን በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጡ ለዜማና ለቤዝ እንጂ ለአጀቡ አይሆኑም፣ የዲኤክስ 7 ዊል ደግሞ የተያዙትን ድምፆች ሁሉ አብሮ ያንሸራትታል። እዚህ የሚቀረው መፍትሔ ጌጥ ነው፤ ዋናዋን ድምፅ ከመምታት በፊት ጎረቤቷን በፍጥነት ነካ ማድረግና ማርገብገብ። ጋሽ ኃይሉ በዚህ የተካኑ ናቸው። ቢሆንም የማሲንቆና የክራር ጆሮ ያለው አድማጭ ባምባሰሉ ላይ አንድ ነገር እንደጎደለ ቢሰማው ትክክል ነው።

እውነተኛው ድክመት ሌላ ቦታ ነው፤ መካከለኛው የድምፅ ክልል ተጨናንቋል። አኮርዲዮን፣ ሮድስና ዲኤክስ 7 አብዛኛውን ጉልበታቸውን ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው ቦታ ላይ ያፈሳሉ። ሦስቱም አንድ ላይ ሲጫወቱ ይሸፋፈናሉ፤ ጆሮ መለየት ሲያቅተው «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ስሜት ይመጣል። በስልክ ስፒከር ደግሞ ይብሳል። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም ስለማያወጣ ቤዙ ይጠፋና የቀረው ይኸው የተጨናነቀ መካከል ብቻ ይሆናል። አልበሙን በስልክ ብቻ ሰምቶ «ይመሳሰላል» ያለ ሰው ግማሹን አልሰማም ማለት ነው።

ከዚያ ቅጂው አለ። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ በእያንዳንዱ ግልበጣ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ይቀንሳል፣ «ሽ» የሚለው የቴፕ ድምፅ ይጨምራል፤ መጀመሪያ የሚሞተው የዲኤክስ 7 ጠርዝ ነው። የቴፕ ፍጥነትም ይዛባል። 3 በመቶ የፈጠነ ካሴት ድምፁን በግማሽ ሰሚቶን ገደማ ከፍ ያደርገዋል (ሰሚቶን በኪቦርድ ላይ የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀት ነው)፣ 6 በመቶ ከሆነ በአንድ ሙሉ ሰሚቶን። ለማረጋገጥ ጥቂት ረጃጅም ድምፆች መርጣችሁ ከተስተካከለ ኪቦርድ ጋር አነጻጽሩ። ሁሉም ድምፆች በእኩል መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ ጥፋቱ የቴፑ ነው። አንድ ረጅም ድምፅ እየተወዛወዘ ከሄደ ደግሞ መጀመሪያ የማጫወቻው ቀበቶ መላላቱን ተመልከቱ። የአኮርዲዮን ድምፅ መንቀጥቀጥ ግን ስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ አኮርዲዮን ለአንድ ቁልፍ ሆን ተብሎ በጥቂቱ የተለያዩ ሁለት ወይም ሦስት ምላሶች አሉት።

ለመስማት የ2013ቱን እትም ምረጡ፤ ጆሮ ላይ የሚደፋ ሄድፎን ወይም ቤዝ ያለው ስፒከር ይሁን። ስለቱ ከከበዳችሁ በኢኳላይዘር (በድምፅ ማስተካከያው) 2.5 ኪሎኸርዝ አካባቢ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ከዚያ በላይ ከወረደ አኮርዲዮኑ ይታፈናል። ቤዙን ማሳበጥ ደግሞ መካከሉን አያጠራውም። ሙሉውን በአንድ ቁጭታ አትስሙት፤ ከርዕሱ ዜማ ጀምራችሁ «ሽለላ»ን አስከትሉ፣ ሌላውን ለሌላ ቀን ተዉት።

አኮርዲዮን የሚወድ፣ ኪቦርድ የሚማርና በቅኝት ላይ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሥራት የሚያስብ ሰው ይህን አልበም ሳይሰማ መቅረት የለበትም። የማሽን ምት ጨርሶ የማይዋጥለት አድማጭ ግን እዚህ ከመታገል የ2018ቱን «ላላ በሉ» ያንሳ። እዚያ ጋሽ ኃይሉን የሚያጅቧቸው ሰው የሚጫወታቸው ከበሮና ቤዝ ናቸው።