እማዬን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ላየችልን ሲስተር

ሰላም የአዳማ ልጆች። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከያዛት ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ላለፉት ስድስት ዓመታት ለዚሁ ሕመም የሚሰጠውን ኦላንዛፒን የሚባል ክኒን ትወስዳለች። ተመስገን፣ የምትሰማው ድምፅ ተዋት፣ እንቅልፏም ተስተካከለ። ለክትትል በወሰድናት ቁጥር "ትተኛለች? አትረብሽም?" እንባላለን። "ደህና ናት" እንላለን። መድኃኒቱ ይጻፍልናል፣ ወደ ቤት። በዚህ መሀል ኪሎዋ ከ61 ወደ 84 ወጣ። "ሚዛን ላይ ውጪ" ያላት ሰው አልነበረም። እኛም ተመችቷታል ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ከዚያ ውኃ ጥሙ መጣ። የአዳማ ሙቀት ነው አልን፤ ማን አይጠማውም? ቀዝቃዛ ለስላሳ እየገዛሁ አመጣላት ነበር፤ በአንዱ ጠርሙስ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር! ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት መነሳት ስትጀምር የጠየቅንበት ቦታ "ያው ከአእምሮ ሕመሟ ጋር የተያያዘ ነው" ብለው መለሱን። እየራባት ሌሊት መሶብ ስትከፍት ደግሞ እኔ ኩሽናውን መቆለፍ ጀመርኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

በጎረቤት ጥቆማ አሁን ወደምንከታተልበት ጤና ጣቢያ ሄድን። የአእምሮ ሕክምና ክፍሏ ነርስ ገና ስለ ድምፁ ሳትጠይቅ ከመሳቢያዋ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች። እማዬ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሜትሩን ስታይ ፊቷ በራ። ተቀበለቻትና መጀመሪያ ሲስተርን ለካቻት፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። በሩ ላይ ያ ሁሉ ወረፋ እያለ ሲስተር እጇን ዘርግታ ቆማ ተለካች። ከዚያ እማዬ የራሷን ወገብ ለካችና ጮክ ብላ "መቶ ስድስት!" አለች።

በማግስቱ በባዶ ሆዷ ስኳሯ ሲታይ 218 ሆነ። 126ና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ምልክት መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ተናድጄ ክኒኑን ልጥለው ነበር። ያስቆመችኝ ሲስተር ናት። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት እንደሚከፍት፣ ኪሎ፣ ስኳርና የደም ቅባት እንደሚጨምር አልደበቀችኝም። በድንገት ቢቋረጥ ግን ሕመሙ ሊያገረሽ እንደሚችል አስረዳችኝ። "ረሃቡ የእማማ ጥፋት አይደለም። ቁልፉን አንሺው" አለችኝ። ማታ ማታ የሽምብራ ንፍሮና የተቀቀለ ጎመን አስቀምጥላታለሁ። ለስላሳ ከቤታችን ወጥቷል።

ከሐኪሙ ጋር አገናኘችን። ኩላሊቷ ታይቶ ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድኃኒት ተጀመረላት፤ ሆዷን እንዳይረብሻት ከምግብ ጋር ትወስደዋለች። ከአልጋ ስትነሳ እንደሚያዞራት የጠየቀችንም ሲስተር ናት። አሁን እማዬ መጀመሪያ ቁጭ ትላለች፣ ቀስ ብላ ትነሳለች። በዚህ ዕድሜ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። ሁዳዴ ሲመጣም "ጾሙን ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካከሩበት፣ መድኃኒት ወስዳ በባዶ ሆድ እንዳትውል" ብላ ደውላልናለች።

ለምን ይህን ያህል እንደምትለፋ ጠየቅኳት። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚናገር ነገረችኝ። አብዛኞቹን የሚወስዳቸውም እንደ ልብ ሕመም ያለ የአካል በሽታ ነው። "ሜትሩ ከመሳቢያዬ የማይጠፋው ለዚህ ነው" አለች።

ሰባት ወር ሆነን። ኪሎዋ 79፣ በባዶ ሆድ ስኳሯ 132። ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ጠዋት አብረን በእግር እንሄዳለን። ወገቧን በየወሩ ራሷ ትለካና የደንበኞቿን ልክ ትጽፍበት በነበረው አሮጌ ደብተር ላይ ትመዘግባለች።

እናት አባት፣ አጎት አክስት የምታስታምሙ፣ እባካችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲጀመር፣ በሦስተኛው ወር፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ክብደት፣ ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት መታየት አለበት። ሲስተር ጋ መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ። የቅባት ምርመራው እዚያ ስለሌለ ውጭ ነው የሚያሠሩት።

ሲስተርዬ፣ ይህን ካየሽው፦ እማዬ ያኔ በወሰደችው ልክ ቀሚስ እየሰፋችልሽ ነው። እጅጌው ብቻ ቀርቷል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ካልደረሰ አትቀየሚን።