«የፎንት ፈቃድ» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሀዋሳ ውስጥ ሱቅ ልትከፍቱ ወይም የሠርግ ጥሪ ልታሳትሙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። የእኔ ብር ሄዷል፣ የእናንተ አይሂድ።

አቶቴ አካባቢ ትንሽ ኬክ ቤት ልከፍት ሎጎ የሚሠራ ልጅ በሰው አገኘሁ። በስልኩ ያሳየኝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ማለት ነው) ልብ ይወስዳል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። የእንግሊዝኛው ኦ (O) ክብ፣ Hawassa የሚለው ላይ ያለው ደብልዩ (W) ደግሞ መሃሉ እንደ ጥልፍ የተሻገረ። «ከውጭ የሚገዛ ነው፣ ፈቃዱን በስምሽ አወጣለሁ» አለኝ። ለፈቃዱ 4,500፣ ለሎጎው 3,000 ብር። ሙሉውን ቀድሜ ከፈልኩ።

መጀመሪያ ጉድ ያደረገኝ አማርኛው ነው። ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ምንም ሳይናገር ከሌላ ፎንት ይበደራል። የእንግሊዝኛው ስሜ እንደ ክር ቀጥኖ፣ የአማርኛው ከሥሩ ወፍሮ ቁጭ አለ። የሁለት ሱቅ ታፔላ ይመስላል።

ኅትመቱ ደግሞ ባሰ። የመስታወቱ ስቲከር ትርፉ ሲላጥ ፊደሉም አብሮ ተነሳ። ቡናማ ቢዝነስ ካርድ ላይ በነጭ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ቀለሙ ዋጠው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የመስመሩ ውፍረት የፊደሉን መጠን 2 በመቶ ቢሆን፣ በ8 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ሲታተም 0.16 ፖይንት ብቻ ይሆናል። ከ0.25 ፖይንት የቀጠነ መስመር ወረቀት ላይ አያስተማምንም፤ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ከሆነ ከዚያም መወፈር አለበት። ፎንቱን አልወቅስም። ለትልቅ ርዕስ የተሠራ ነው፣ እዚያ ላይ ያምራል። ከባጃጅ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ግን አይሆንም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ማተሚያ ቤት ያለ ልጅ ፋይሉን ከፍቶ ስሙን አሳየኝ፤ ራልዌይ ይባላል። ማት ማኪነርኒ መጀመሪያ በአንድ ቀጭን ውፍረት ብቻ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በሌሎች ባለሙያዎች ወደ 9 ውፍረት ያደገ ፎንት ነው። ጉግል ፎንትስ የሚባለው የፎንት ድረ ገጽ ላይ ማንም በነፃ ያወርደዋል፣ ለንግድም ይጠቀምበታል። እንዲያውም ፈቃዱ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ይከለክላል!

ስለዚህ የፎንቱን ትክክለኛ ስም ጠይቁና ራሳችሁ ፈልጉት። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የአማርኛ ስማችሁን በሚታተምበት መጠን ወረቀት ላይ አሳዩኝ በሉ፤ ስልክ ላይ ሁሉም ያምራል። ለአማርኛ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አለ። እሱም ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም 9 ውፍረት አለው። በጣም ቀጭኑን ግን ለትንሽ ጽሑፍ አትምረጡ። የኬ ቀለበት በቀለም ከተደፈነ «ኬክ» «ኪክ» ሆኖ ይነበባል።

ልጁ ጋ ስደውል «ያስከፈልኩሽ ለዲዛይኑ ነው» አለኝ። በእጁ የጻፈልኝ ወረቀት ግን «የፎንት ፈቃድ 4,500» ይላል። 3,000ውን ለልፋቱ ብዬ ትቻለሁ። ሌላውን እንዲመልስልኝ እየጠየቅኩት ነው።