ገብቶ አልወጣ ያለኝ መብሻ፦ የስምንት ወር ልምዴ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀበቶ እየሠራሁ ነበር። ባለ ስድስት ጥርሱን የስፌት ቀዳዳ መብሻ ቆዳው ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩና ሁለቴ መታሁት። ገባ። ደስ በሚል ሁኔታ ገባ። ልነቅለው ስል ግን ፍንክች አልል አለ። ግራና ቀኝ ወዘወዝኩት። ቀበቶውን በእግሬ ረግጬ ወደ ላይ ጎተትኩት። እልህ ያዘኝ። በመጨረሻ ድንገት ሲነቀል ወደ ኋላ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ቆዳውን ሳየው ተጠማዟል። ቀዳዳዎቹ ሰፍተዋል። በየቀዳዳው ዙሪያ ቆዳው ተነስቶ እንደ ከንፈር ቆሟል። ሦስት ቀን የለፋሁበት ቀበቶ!

ይህን የመብሻ ስብስብ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ስለ እሱ ልጽፍ ስንት ጊዜ አስቤ ስንት ጊዜ ተውኩት። አንድ ቀን አመስጋኝ ነኝ፣ በማግስቱ ከሳሽ። ዛሬ ከሳሽ ሆኜ ነው የተቀመጥኩት፤ ቀድሜ ልናገር።

ዕቃውን ለማታውቁት፣ መልኩ ሹካ ነው። የብረት እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ ጥርሶች ተደርድረዋል። በእኔ ስብስብ ውስጥ አራት መብሻዎች አሉ፦ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ አራትና ባለ ስድስት ጥርስ። ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 4 ሚሊ ሜትር ነው። የጥርሱ ጫፍ ክብ አይደለም። የአልማዝ ቅርጽ አለው፣ ያውም ዘመም ያለ። በእጅ በተሰፋ ቆዳ ላይ የምናየው ያ ያዘነበለ የስፌት መስመር የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀዳዳው ዘመም ካለ ክሩም ዘመም ብሎ ይተኛል።

ከዚህ በፊት የምሠራው በወስፌ ብቻ ነበር። በኮምፓስ መስመር አሰምራለሁ፣ ነጥብ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እበሳለሁ። በ4 ሚሊ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ስፌት ማለት 250 ቀዳዳ ነው። 250 ጊዜ ወስፌውን በአንድ ዓይነት ማዕዘን መያዝ ማለት ነው። እኔ እስከ ሠላሳኛው ቀዳዳ ድረስ ጎበዝ ነኝ። ከዚያ በኋላ መስመሬ የሰከረ ሰው አካሄድ ይሆናል። ስለዚህ መብሻውን ሳየው ብዙ አላሰብኩም፤ ገዛሁት።

ማስታወቂያው ሹል ነው ይላል። ወፍራም ቆዳ ይበሳል ይላል። ቶሎ አይዶለዱምም ይላል። የሚገርመው ሁሉም እውነት ነው። አንድም የዋሹኝ ነገር የለም። ስለ መግባቱ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ስለ መውጣቱ ግን አንዲት ቃል አልተጻፈም። እኔም አልጠየቅኩም። ማን ይጠይቃል? መርፌ የሚገዛ ሰው «ይወጣል ወይ?» ብሎ ያውቃል?

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። ደግሞ በከፊል የእኔ ነበር፤ መካድ አልችልም። ሥሩ ላይ የጣውላ ቁራጭ አድርጌ ነበር የምመታው። ጥርሱ ቆዳውን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ይቀረቀራል። እንጨቱን በወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ቀየርኩት። በብረት መዶሻ ስመታውም ነበር፤ የመብሻው አናት መጠፍጠፍ ሲጀምር ደነገጥኩና ወደ ፕላስቲክ መዶሻ ዞርኩ። ብረትን በብረት መምታት ለዕቃው ጥሩ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ጥርሱን በጣም አጥልቄ አስገባ እንደነበርም አልክድም። ጫፉ በጀርባ በኩል ብቅ ሲል ይበቃል። ጥርሱ ወደ ሥሩ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ ባጠለቅከው ቁጥር ሽብልቅ እየሆነ ነው የሚሄደው።

ይህን ሁሉ አስተካከልኩ። የንብ ሰም እየቀባሁ መታሁ። ስነቅል ቆዳውን በእንጨት ቁራጭ ተጭኜ ያዝኩ። ቀጥ አድርጌ እንጂ አዘንብዬ አልጎተትኩም። ለውጥ አለ፤ ችግሩ ግን አልለቀቀኝም። በተለይ በክሮም (በማዕድን ጨው) የለፋ ለስላሳ ቆዳ ላይ ጉድ ነው። በእጽዋት (በዛፍ ልጣጭና በመሳሰለው) የለፋው ደረቅ ስለሚል ትንሽ ይታገሣል። በክሮም የለፋው ግን ጥርሱን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና አብሮ ይነሳል። ጥርሱን ስትስበው ቆዳው እንደ ጎማ ይሳባል።

አምስተኛው ወር ላይ መብሻውን ማጉያ መስታወት ሥር አስገባሁት። በቃ፣ ምስጢሩ እዚያ ነበር። ጫፉ እንደ መስታወት ያበራል። ጎኑ ግን ጭረት በጭረት ነው። ሲሠራ ከጎኑ ያለፈበት መሣሪያ የተወው መስመር ሁሉ እንዳለ አለ። አስቡት፣ እያንዳንዱ ጥርስ አራት ገጽ አለው። ባለ ስድስቱ 24 ገጽ ማለት ነው። 24 ሻካራ ገጽ ቆዳውን በአንድ ጊዜ ሲነክስ ማን ይነቅለዋል? ጫፉን የሳለው ሰው ጎኑን ረስቶታል። ወይም አልረሳውም፤ ጫፉ ፎቶ ላይ ይታያል፣ ጎኑ አይታይም።

እዚህ ላይ ከሻጩ ጋር በሐሳቤ ብዙ ተከራክሬያለሁ። እሱ «ወንድሜ፣ በዚህ ዋጋ ምን ጠብቀህ ነበር?» ይለኛል። እኔ «ለስላሳ ጎን» እለዋለሁ። «ውድ የሆነውን ለምን አልገዛህም?» ይለኛል። «ውድ የሆነውን ባሳየኸኝ ጊዜ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስለ ነገርከኝ ነው?» እለዋለሁ። ዝም ይላል። በሐሳቤ ስለሆነ ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ።

ያም ሆኖ መጣል አልቻልኩም። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ልሞክረው ወሰንኩ። ብርጭቆ ወረቀት በቀጭን በቀጭን ቆረጥኩ። በ400 ቁጥር ጀመርኩ፤ ከዚያ 800፣ 1200፣ በመጨረሻ 2000 (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል)። ወረቀቱን በጥርሶቹ መካከል አስገብቶ ወዲያ ወዲህ መሳብ ነው። ጫፉን አለመንካት። ብዙ አለመፋቅም፤ ጥርሱ ከቀጠነ ቀዳዳው ይጠባል። የሚፈለገው ጭረቱን ማጥፋት ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ክር አረንጓዴውን የማለስለሻ ሰም ቀብቼ በየጥርሱ መካከል ሳብኩት። ልክ ሰው ጥርሱን በክር እንደሚያጸዳው። መሳቂያ ነገር ነው የሚመስለው። የሚሠራው ግን ይሄ ነው።

ባለ አንዱን፣ ባለ ሁለቱንና ባለ አራቱን ጨረስኩ። ሰባት ጥርስ፣ 28 ገጽ። ሙሉ አራት ምሽት ወሰደብኝ። ጣቴ ተላጠ።

በማግስቱ የሆነውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በደስታ ሰክሬ፣ ቅርጽ ላስይዘው ውኃ ያርከፈከፍኩትን በእጽዋት የለፋ ቆዳ አነሳሁና በአዲሱ መብሻዬ ደርድሬ በሳሁት። ጥርሱ በሁለት ጣት ተነቀለ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስመለስ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጥቋቁር ነጥብ ተረጭቶ አገኘሁ። መብሻውን ካለሰለስኩት በኋላ በደንብ አልጠረግኩትም ነበር። የብረቱ ብናኝ እርጥቡ ቆዳ ላይ ቀረ። በእጽዋት የለፋ ቆዳ ውስጥ ታኒን የሚባል ከእጽዋቱ የመጣ ማልፊያ አለ፤ ታኒንና ብረት እርጥበት ካገናኛቸው ጥቁር ቀለም ይሆናሉ። ድሮ የጽሕፈት ቀለም የሚሠሩትም በዚሁ ብልሃት ነበር። የሎሚ ጭማቂ በጥጥ ነክሬ ስነካካው ብዙው ለቀቀ፤ ሁሉም ግን አልለቀቀም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንዲህ ነው። ያችን ቁራጭ እስከ ዛሬ የወስፌ ማስቀመጫ አድርጌያታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሥራው ተለወጠ። የለሰለሱት ሦስቱ መብሻዎች አሁን እጄ ላይ ያሉ ምርጥ ዕቃዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ጥርስ መጨረሻ በበሳሁት ቀዳዳ ውስጥ አስገባለሁ፣ ርቀቱ ሳይዛነፍ ይቀጥላል። ኩርባ ላይ ባለ ሁለቱን እይዛለሁ። ርቀታቸው እርስ በርስ ይገጥማል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ስፌቱስ? አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ። መርፌዎቹ ጫፋቸው ዱልዱም ነው፤ መብሳት የእነሱ ሥራ አይደለም። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱም ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። የማሽን ስፌት ላይ ሁለት ክሮች ቀዳዳው መሃል ተቆላልፈው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ከተበጠሰ መተርተር ይጀምራል። የእጁ ግን አንዱ ጎን ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ክሩን የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ አድርጌ ነው የምቆርጠው። ስስት የያዘኝ ቀን ሦስት እጥፍ ቆርጬ፣ ስፌቱ ሊያልቅ አምስት ቀዳዳ ሲቀረው ክሩ አለቀብኝ። አልደግመውም።

የመጀመሪያውን የተስተካከለ የኪስ ቦርሳ ስጨርስ መብራት ሥር እያገላበጥኩ ብዙ ቆየሁ። ከፊትም ከጀርባም ያው ያዘነበለ መስመር። ሰው ባይኖር ስሜው ነበር። በወስፌ ብቻ ይህን መሥራት የሚችሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም፤ ለመሆንም ትዕግሥቱ የለኝም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ምሽት ብጽፍ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ምስጋና ብቻ ይሆን ነበር።

ግን ጥያቄዬ እንዳለ ነው። መሣሪያውን የሠራው ማን ነው? እነሱ ወይስ እኔ? ምላጭ ሸጠው «ስለቱን ራስህ አውጣለት» ይባላል? ከስምንቱ ወር ከግማሽ በላዩን ከእጅ አይሻል ዶማ ነበር። አሁን ጥሩ የሆነው የእኔ አራት ምሽት ስለ ተጨመረበት ነው። እነዚያን ምሽቶች ማን ይከፍለኛል? ሻጩ (በሐሳቤ) እዚህ ላይ «ተማርክበት አይደል?» ይላል። አዎ ተማርኩበት። እሱን ግን አላመሰግንም።

ባለ ስድስቱን ለምን አላለሰለስኩትም ትሉ ይሆናል። ከፊሉ ስንፍና ነው። ከፊሉ ግን፣ ሳትስቁ ስሙኝ፣ ለማስረጃ ነው ያስቀመጥኩት። አንድ ቀን ከሻጩ ጋር በአካል ብንገናኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ «ይሄ የአንተ፣ ይሄ የእኔ» ልለው። ከመሳቢያው ጥግ ላይ አኑሬው ነበር። ባለፈው ሳምንት በጥድፊያ እጄ ያነሳው እሱን ነው።

ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ባለ ሁለትና ባለ አራት ጥርስ ብቻ ይበቃችኋል። ባለ አንዱ ስፌቱ ሲጨረስና ጠባብ ቦታ ላይ ይረዳል፤ ባይኖርም ወስፌ ይተካዋል። ባለ ስድስቱ ለረጅም ቀጥ ያለ መስመር ጊዜ ይቆጥባል ይባላል። እኔ የቆጠበልኝን ጊዜ ለመንቀል አውጥቼዋለሁ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ውፍረት ደግሞ መብሻውን እስከ መጨረሻ አታስገቡት። ምልክት እስኪጥል ብቻ መታ አድርጉትና ቀሪውን በወስፌ ጨርሱ። የወስፌ ዋጋ የገባኝ፣ ተገላገልኩት ብዬ ከተውኩት በኋላ ነው።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ጫፉን አትዩ። ጥፍራችሁን በጥርሱ ጎን ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አንሸራቱት። ጥፍራችሁን ከያዘ ቆዳውንም ይይዛል።

ቀበቶውን እንዴት አደረግኩት? ከንፈር ያወጣውን ቦታ አርጥቤ በለስላሳ መዶሻ ቀጥቅጬ ነበር። ትንሽ ተኛ፤ ቀዳዳዎቹ ግን ሰፍተው ስለ ቀሩ ክሩ ውስጣቸው ይዋኛል። ቆረጥኩት። ቀበቶው በአራት ጣት አጠረ፣ ባለቤቱም ቀጠን ያለ ሰው መሆን ይኖርበታል።

አሁን ለኪስ ቦርሳ የሚሆን የጥርሶቹ ርቀት 3 ሚሊ ሜትር የሆነውን ስብስብ እያየሁ ነው። ከዚያው ሻጭ። ብርጭቆ ወረቀቱን ግን ከወዲሁ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።