ሃይብሪዱ ይቆጥባል፤ ግን ከየትኛው መኪና አንጻር?

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ኡበርና ሊፍት የሚሠሩ ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ «ሃይብሪድ ብገዛ በዓመት ስንት ይተርፈኛል?» ሃይብሪድ ማለት ከቤንዚን ሞተሩ ሌላ ኤሌክትሪክ ሞተርና ትልቅ ባትሪ ያለው መኪና ነው። መልሱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው አጠገቡ የምታቆሙት መኪና ነው። እኔ የማምነው አንዱን ብቻ ነው፦ በቤንዚን ብቻ የሚሄደውን ወንድሙን። ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት፣ ያው ደረጃ።

ዲለሩ ጋ ስትሄዱ ግን ሌላ ነው የሚያሳዩዋችሁ። አዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በ5 ዓመት ይህን ያህል ዶላር ትቆጥባላችሁ ይላል። ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡት። ንጽጽሩ ከአማካይ አዲስ መኪና ጋር ነው፤ አማካዩ ውስጥ ደግሞ ፒክአፑም ትልልቁ ኤስዩቪም አለበት። ስሌቱም በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ነው። ኮሮላ ሊገዛ የመጣን ሰው ፒክአፕ ምን አገባው?

ከአሮጌ መኪናችሁ ጋር ማነጻጸርም ያው ነው። በጋሎን 20 ማይል የሚሄድ ቫን አላችሁ፣ በዓመት 30,000 ማይል ትነዳላችሁ፣ ጋሎኑ 3 ዶላር ነው እንበል። የ2024 ኮሮላ ሃይብሪድ በአማካይ 50 ማይል ስለሚሄድ 2,700 ዶላር ይተርፋል። ልብ ያማልላል! ግን በጋሎን 35 የሚሄደውን ተራውን ኮሮላ ብትገዙም ከዚሁ ውስጥ 1,930 ገደማው ይተርፋችሁ ነበር። የሃይብሪዱ የራሱ ድርሻ 770 ዶላር አካባቢ ነው። የሁለቱ የዋጋ ልዩነት በዝርዝሩ ላይ ወደ 1,500 ነው፣ ስለዚህ በሁለት ዓመት ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ደግሞ ተራው በጋሎን 32፣ ሃይብሪዱ 53 ማይል ስለሚሄድ ከዚያም ይፈጥናል። ይህ እውነተኛ ቁጥር ነው፣ ደግሞም ጥሩ ቁጥር ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

ወንድሙን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። የ2024 ራቭ ፎር ሃይብሪድ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ስለሆነ በአራት ጎማ ከሚነዳው ቤንዚን ጋር አወዳድሩት። ካምሪ ከ2025 ጀምሮ ሃይብሪድ ብቻ ስለሆነ ወንድሙ የ2024ቱ ነው። የራሳችሁን ፍጆታ ደግሞ ዳሽቦርዱ ከሚነግራችሁ ይልቅ ታንኩን ሞልታችሁ የነዳችሁትን ማይል በገባው ጋሎን አካፍላችሁ እወቁት።

ያገለገለ ከሆነ ሒሳቡ ውስጥ ባትሪ ይግባ። አንድ ጓደኛዬ አሮጌ ፕሪየስ ገዝቶ ባትሪው ሲሞትበት አንድ ጋራዥ «የታደሰ» ብሎ በርካሽ ገጠመለት። የታደሰ የሚሉት ደካሞቹን ሴሎች ነቅሎ ከሌላ አሮጌ ባትሪ የወጡትን መተካት ነው። አንዱ ሲቀየር ሌላው ይከተላል። ብዙም ሳይቆይ ዳሽቦርዱ ላይ ያ የማስጠንቀቂያ ቀይ ሦስት ማዕዘን ተመልሶ በራበት፣ ሥራም ቆመበት፣ በነዳጅ ያተረፈው እዚያው ቀረ። ስለዚህ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ 2020ና ከዚያ ወዲህ የተሠራ ቶዮታ ፈልጉ፤ የባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው። ከኋላ ወንበሩ አጠገብ ያለችውን የባትሪው አየር መሳቢያ ፈትሹ፣ ማጣሪያዋንም አጽዱ። የተሳፋሪ ካፖርትና ሻንጣ እዚያ ላይ እንዳይደገፍ።